የፌስታል ክልከላ ሱቄን ይጎዳው ይሆን?

ጥያቄው፦ «መካከለኛ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ አለኝ። የከተማችን ምክር ቤት አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፌስታል ሊከለክል ደንብ እያረቀቀ ነው። አጠገባችን ያለችው ከተማ ግን እንዲህ ያለ ሐሳብ የላትም። ደንበኞቼ ወደዚያ አይሸሹም? በፌስታል ፋንታ የወረቀት ልስጥ ወይስ የጨርቅ? መጋዘን ውስጥ ያለውን ክምችትስ ምን ላድርገው?»

ምላሽ፦

ስጋትዎ ተገቢ ነው። እንዲህ ያለ ደንብ ሲረቀቅ አንዱ ወገን «አካባቢ ይጠበቅ» ይላል፣ ሌላው «ንግድ ሊሞት ነው» ይላል። የባለ ሱቁ ጥያቄ በመሃል ሳይመለስ ይቀራል። እኔ ሥራዬ የችርቻሮ ነጋዴዎችን በወጪና በደንብ ጉዳይ ማማከር ስለሆነ ነገሩን ከሒሳብ መክፈያው ጠረጴዛ ነው የማየው።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። የፌስታል ክልከላ በራሱ ሱቅ አያዘጋም። ነጋዴውን የሚጎዳው ፌስታልን ከልክሎ ምትኩ በነጻ እንዲሰጥ ዝም የሚል ደንብ ነው። ስለዚህ ጉልበትዎን «ደንቡ ይቅር» በማለት አይጨርሱት። ረቂቁ ውስጥ ስለ ወረቀት ከረጢት የተጻፈውን አንቀጽ ፈልገው ያንብቡ። ለእርስዎ ኪስ ዋናው ጉዳይ ያለው እዚያ ነው።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ፌስታል ለደንበኛው ነጻ ይመስላል እንጂ ነጻ ሆኖ አያውቅም። እርስዎ ከአከፋፋዩ ይገዙታል፣ ወጪውንም በየዕቃው ዋጋ ላይ ያከፋፍሉታል። የራሱን ቦርሳ ይዞ የሚመጣው ደንበኛ አምስት ፌስታል ለሚወስደው ደንበኛ እየከፈለ ነው ማለት ነው። ወጪው ትንሽ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። የወረቀት ከረጢት ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ወረቀት ከቀጭን ፌስታል ብዙ እጥፍ ይወደዳል። ይከብዳል፣ መጋዘን ውስጥም ሰፊ ቦታ ይይዛል። እርጥበት ካገኘው ደግሞ ከጥቅም ውጭ ይሆናል።

ይህን በተግባር ያየችው ሳን ፍራንሲስኮ ናት። በአሜሪካ የፌስታል ክልከላን በደንብ ያወጣች የመጀመሪያዋ ትልቅ ከተማ እሷ ስትሆን ዓመቱም እ.ኤ.አ. 2007 ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ በእ.ኤ.አ. ናቸው)። ደንቡ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶችንና ትልልቅ የመድኃኒት መደብሮችን የሚመለከት ነበር። በወረቀት ከረጢት ላይ ግን ምንም ክፍያ አልጣለም። ውጤቱን መገመት አያቅትም፤ ሰው ከፌስታል ወደ ወረቀት ዞረ፣ ሱቆቹም የባሰውን ወጪ ተሸከሙ። ከድጡ ወደ ማጡ የሚባለው ይኼ ነው። ከተማዋ በ2012 ደንቡን ወደ ሌሎች የችርቻሮ ሱቆች ስታሰፋ፣ ለእያንዳንዱ ምትክ ከረጢት ቢያንስ 10 ሳንቲም እንዲከፈል የሚል አንቀጽ ጨመረች። ከዚያ በኋላ በካሊፎርኒያ የወጡት ብዙዎቹ የከተማና የካውንቲ (በግዛት ሥር ያለ የአካባቢ አስተዳደር) ደንቦችም ሁለቱን አብረው ይዘዋል፤ ፌስታልን ይከለክላሉ፣ ወረቀትን በክፍያ ይፈቅዳሉ።

በቁጥር እንየው። ሱቅዎ በቀን 500 ፌስታል ይሰጣል እንበል። አንዱ 2 ሳንቲም ቢያወጣ የቀን ወጪዎ 10 ዶላር ነው። አሁን ፌስታል ተከልክሎ ወረቀት በነጻ ይሰጥ። አንዱ ወረቀት 10 ሳንቲም ቢያወጣና 400 ቢወሰድ፣ ወጪዎ ወደ 40 ዶላር ይዘላል። ሦስተኛውን መንገድ ደግሞ እንይ። ደንቡ ለወረቀቱ 10 ሳንቲም እንዲያስከፍሉ ያስገድዳል፣ ገንዘቡም ለሱቁ ይቀራል። ሰው ክፍያ ሲያይ ይቆጠባል፣ ስለዚህ 150 ብቻ ይወሰድ። ወጪዎ 15 ዶላር፣ ከከረጢቱ የሚያገኙትም 15 ዶላር ይሆናል። የፊቱ የ10 ዶላር ወጪ ጭራሽ ቀረ ማለት ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ያስቀመጥኳቸው ናቸው። የራስዎን የግዢ ደረሰኝ አውጥተው በእነሱ ቦታ ይተኳቸው። ስሌቱ የሚሄድበት አቅጣጫ ግን ብዙም አይለወጥም።

«ትንሽ ሳንቲም የሰውን ልማድ ይለውጣል ወይ?» ይሉ ይሆናል። ይለውጣል፣ ያውም ከሚጠበቀው በላይ። ዋሽንግተን ዲሲ በ2010 በከረጢት ላይ 5 ሳንቲም ጣለች። ታቲያና ሆሞኖፍ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ በዚያ አካባቢ ሁለት ነገሮችን አነጻጸሩ፦ ከረጢት ለሚወስድ የ5 ሳንቲም ክፍያና የራሱን ቦርሳ ለሚያመጣ የ5 ሳንቲም ጉርሻ። ክፍያው ከረጢት የሚወስዱትን ሰዎች ድርሻ ከ40 በመቶ ነጥብ በላይ አወረደው። ጉርሻው ግን ምንም አልፈየደም ማለት ይቻላል። ገንዘቡ ያው 5 ሳንቲም ነው፤ ሰው ግን ከሚያገኛት ይልቅ ከኪሱ የምትወጣው ታንገበግበዋለች። ስለዚህ «ቦርሳ ላመጣ ቅናሽ አደርጋለሁ» ብለው ካሰቡ ይተዉት። ገንዘብዎን ነው የሚጥሉት።

አየርላንድ ደግሞ ክልከላ ሳታወጣ በመጋቢት 2002 በአገር ደረጃ 15 የዩሮ ሳንቲም ቀረጥ ጣለች። አንድ ሰው በዓመት የሚጠቀመው ፌስታል ከ328 ገደማ ወደ 21 ወረደ። እዚያም ነጋዴዎች መጀመሪያ ላይ «ሕዝቡ እኛ ላይ ነው የሚነሳው» ብለው ሰግተው ነበር። በኋላ ግን ጉዳዩን የመረመሩ የአገሪቱ ምሁራን ያገኙት፣ የሱቆቹ ተጨማሪ ወጪ መጠነኛ እንደነበርና ፌስታል ባለመግዛት ያተረፉት እንዳካካሰው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ክፍያው ግዴታ መሆን አለበት። «ሱቆች ከፈለጉ ማስከፈል ይችላሉ» የሚል ደንብ ለትንሽ ነጋዴ ወጥመድ ነው። ለከረጢት ገንዘብ የሚጠይቅ የመጀመሪያው ሱቅ መሆን የሚፈልግ የለም፤ ትልቁ ሱፐርማርኬት በነጻ ሲሰጥ እርስዎ ከየት አምጥተው ያስከፍላሉ? ሁሉም ላይ ግዴታ ሲሆን ግን ፉክክሩ ከከረጢት ላይ ይነሳል። ካሸርዋም «ደንቡ ነው» ብላ ትገላገላለች። ደንበኛው ቢቆጣ እንኳ የሚቆጣው በሱቁ ላይ አይደለም።

ገንዘቡ ለማን ይገባል የሚለውም በየቦታው ይለያያል። በአየርላንድ ለአካባቢ ጥበቃ ሥራ በተለየ ፈንድ ይገባል። ዋሽንግተን ዲሲ ከ5ቱ ሳንቲም ለሱቁ 1 ሳንቲም ትታ ቀሪውን ለአናኮስቲያ ወንዝ ማጽጃ ታውላለች። የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ደንብ ደግሞ 10ሩንም ሳንቲም ለሱቁ ነው የተወው። እኔን ከጠየቁኝ፣ ሱቁ ቢያንስ የወረቀቱን የግዢ ዋጋ የሚሸፍን ያህል ሊቀርለት ይገባል። አለዚያ ነጋዴው በራሱ ወጪ ግብር ሰብሳቢ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ፍርሃትዎ ልምጣ፤ ወደ ጎረቤት ከተማዋ። ይህን ፍርሃት ባዶ ነው ብዬ አላጣጥለውም። ከሎስ አንጀለስ ካውንቲ ክልከላ በኋላ አንድ የነጻ ገበያ አቀንቃኝ የጥናት ተቋም በ2012 የሱቅ ኃላፊዎችን ጠይቆ ነበር። ክልከላው ባለበት ያሉት በአማካይ ወደ 6 በመቶ የሽያጭ መቀነስ ሲናገሩ፣ ከክልከላው ውጭ ያሉት ደግሞ የ9 በመቶ ጭማሪ ተናገሩ። በየምክር ቤቱ ክርክር ተደጋግሞ የሚጠቀሰው ይህ ጥናት ስለሆነ እርስዎም መስማትዎ አይቀርም። እኔ በልኩ ነው የምይዘው። ኃላፊዎቹ በቃል የሰጡት መረጃ ነው። የአንድ ዓመት ሽያጭ ደግሞ በመቶ ምክንያት ይወጣል፣ ይወርዳል። ሆኖም አካባቢው ልብ ሊባል ይገባል። ክልከላው የሚመለከተው በካውንቲው ሥር በቀጥታ የሚተዳደሩትን ሰፈሮች ብቻ ነበር። እነዚህ ሰፈሮች ከሌሎች ከተሞች ጋር እንደ ጥልፍ ተሳስረዋል። መንገድ ብቻ ተሻግሮ ሌላ ሱቅ ማግኘት ይቻላል። የድንበር ጣጣ የሚኖር ከሆነ እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

ሆኖም ማን ነው የሚሄደው ብለው ራስዎን ይጠይቁ። ለሳምንት የሚገዛ ሰው መኪና ይዞ ይመጣል፣ ቦርሳውን መኪናው ውስጥ ማስቀመጥ ይችላል። ለከረጢት ብሎ ሌላ ከተማ ድረስ ነዳጅ አያቃጥልም። አንድ ሁለት ዕቃ የሚገዛው ደግሞ በእጁ ይዞ ይወጣል፣ ለእሱ ዕዳው ገብስ ነው። ሊያሳስብዎ የሚገባው ሦስተኛው ነው፦ ሳያስብ መንገድ ላይ እያለፈ የገባው። ቦርሳ አልያዘም። አምስት ዕቃ ሊገዛ አስቦ እጁ የቻለውን ሦስቱን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ይህ ሽያጭ ወደ ጎረቤት ከተማ አልሄደም፤ እዚያው መደርደሪያዎ ላይ ነው የቀረው። መድኃኒቱም ቀላል ነው። የወረቀት ከረጢቱ በተመጣጣኝ ክፍያ ሁልጊዜ ካሸርዋ አጠገብ ይኑር። ዕቃ የመጣበትን ባዶ ካርቶንም አይጣሉ፤ መውጫው አጠገብ ይደርድሩት። ለብዙ ደንበኛ ከከረጢት ይሻላል።

የድንበሩን ችግር ከሥሩ የሚፈታው ደንቡ ሰፊ አካባቢ መሸፈኑ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ100 በላይ ከተሞችና ካውንቲዎች የየራሳቸውን ደንብ አውጥተው ነበር። አንዱ ጋ ክፍያው 10 ሳንቲም፣ ሌላው ጋ 25 ሳንቲም። ብዙ ቅርንጫፍ ላለው ነጋዴ ራስ ምታት ነው። በ2014 ለጠቅላላው ግዛት አንድ ሕግ ሲወጣ ከደገፉት መካከል የካሊፎርኒያ የሸቀጣ ሸቀጥ ነጋዴዎች ማኅበር ራሱ ነበር። የተቃወሙትና ጉዳዩ ወደ ሕዝበ ውሳኔ እንዲሄድ ገንዘብ ያፈሰሱት ፌስታል አምራቾቹ ናቸው። ሕዝቡ በኅዳር 2016 ድምፅ ሰጥቶ ሕጉን አጸደቀው። ይህን የምነግርዎ የአምራቹና የባለ ሱቁ ጥቅም አንድ እንዳልሆነ ልብ እንዲሉ ነው። ፌስታል የሚያመርተው ፋብሪካ በእርግጥ ገበያ ያጣል፣ ሠራተኞቹም ሊጎዱ ይችላሉ፤ ያ በራሱ መልስ የሚሻ ጉዳይ ነው። ግን የእርስዎ ጉዳይ አይደለም። በእርስዎ ስም ሲሟገቱ ከሰሙ ረጋ ብለው ያዳምጡ።

ብዙ ባለ ሱቅ የማያስበው ወጪ ሰልፉ ነው። ካሸርዋን ቆም ብለው ይመልከቷት። ፌስታሎቹ በብረት ማንጠልጠያ ላይ አፋቸው ክፍት ሆኖ ተሰቅለዋል። ዕቃውን በማሽን ታነባለች፣ እዚያው ትጥላለች፣ ሲሞላ ትነቅላለች፣ ቀጣዩ ራሱ ይከፈታል። እጇ አያርፍም። አሁን ደንበኛው የራሱን ቦርሳ ያመጣል። አንዱ ትልቅ ነው፣ አንዱ ጠባብ፣ አንዱ ታጥፎ ሌላው ውስጥ ገብቷል። መጀመሪያ «ከረጢት ይፈልጋሉ?» ብላ ትጠይቃለች። ደንበኛው ያስባል። «አንድ ስጪኝ» ይላል። ዕቃው ሲያልቅ ሌላ አንድ ይፈልጋል፣ ሒሳቡ እንደገና ይከፈታል። ሬቤካ ቴይለር የተባሉ ተመራማሪ የካሊፎርኒያ ሱፐርማርኬቶችን መረጃ መርምረው፣ ከደንቡ በኋላ አንድ ደንበኛን ለማስተናገድ የሚፈጀው ጊዜ በአማካይ 3 በመቶ ገደማ መጨመሩን አግኝተዋል። ሰው ሲለምደውም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። 3 በመቶ ትንሽ ይመስላል። ሰልፍ በሚበዛበት ሰዓት ግን እየተጠራቀመ ይሄዳል። ለዚህ የሚረዳው ጥያቄውን ቀድሞ መጠየቅ ነው። የመጀመሪያው ዕቃ ሳይነበብ ከረጢቱ ይወሰን። ከመክፈያው ማዶ ደንበኛው ራሱ እያሸገ የሚቆምበት ትንሽ ጠረጴዛ ቢኖር ደግሞ ቀጣዩ ሰው አይጠብቅም።

በሌላ በኩል ያልጠበቁት ሽያጭ ይመጣል። ሰው ፌስታሉን ቤቱ ወስዶ ለቆሻሻ ይጠቀምበት ነበር። በነጻ የሚያገኘው ሲቀር ይገዛል። የዚያችው ተመራማሪ ሌላ ጥናት እንዳሳየው በካሊፎርኒያ ክልከላዎች ከ18 ሚሊዮን ኪሎ ግራም በላይ ፌስታል ቢቀንስም፣ ከ5 ሚሊዮን ኪሎ ግራም በላይ የሆነው በቆሻሻ ፌስታል ግዢ ተመልሶ መጥቷል። የትንንሾቹ የቆሻሻ ፌስታሎች ሽያጭ በ120 በመቶ ነው የዘለለው። ለአካባቢው ይህ ጉድለት ነው፣ አልሸሽገውም። ለእርስዎ ግን ትናንት በነጻ ይሰጡት የነበረ ነገር ዛሬ መደርደሪያ ላይ የሚሸጥ ዕቃ ሆነ ማለት ነው። ደንቡ ከመጽናቱ በፊት ትንንሾቹን መጠኖች በበቂ ይዘዙ።

የወረቀት ወይስ የጨርቅ ላሉት፦ የወረቀቱን በክፍያ ይስጡ፣ ጠንካራውን ደጋግሞ የሚያገለግል ቦርሳ ይሽጡ። በነጻ አያድሉ። የብሪታንያ የአካባቢ ኤጀንሲ በ2011 ያወጣው ጥናት እንደሚለው፣ የጥጥ ቦርሳ በአየር ንብረት ጉዳቱ ከአንድ ተራ ፌስታል የተሻለ ለመሆን ቢያንስ 131 ጊዜ ማገልገል አለበት። በነጻ የተሰጠ ቦርሳ ይህን ያህል አይኖርም። ኒው ጀርዚ ከግንቦት 2022 ጀምሮ በትልልቅ የምግብ መደብሮች ፌስታልንም ወረቀትንም አንድ ላይ ከለከለች። ከዚያ በኋላ በድረ ገጽ የሚያዙ ሰዎች በየጊዜው አዳዲስ ወፍራም ቦርሳ እየመጣላቸው ቤታቸው ቦርሳ በቦርሳ ሆነ። እንዲህ ያለ ደንብ ከረቂቁ ውስጥ ካዩ አጥብቀው ይቃወሙ፤ ለደንበኛውም ለሱቁም መውጫ ቀዳዳ አይተውም።

ወፍራም ፌስታል ገዝቶ «ይኼ ደጋግሞ የሚያገለግል ነው» ማለትም አያዋጣም። ቺካጎ በ2015 ቀጭኑን ስትከለክል የሆነው ይኸው ነው፤ ሱቆች ወፈር ያለውን በነጻ ማደል ጀመሩ። ከተማዋ ክልከላውን አንስታ ከየካቲት 2017 ጀምሮ የ7 ሳንቲም ቀረጥ ጣለች። ካሊፎርኒያም ያንኑ ቀዳዳ ለመዝጋት በ2024 አዲስ ሕግ አወጣች፤ ከጥር 2026 ጀምሮ ወፍራሙም መክፈያው ላይ አይሰጥም። ዛሬ በወፍራም ፌስታል ላይ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰ ሰው ነገ ደግሞ ያጣዋል።

ትንንሽ ሱቆች ከደንቡ ነጻ ይሁኑ የሚል ሐሳብም ይነሳል። ለዘላለም ነጻ መሆን የሚጠቅም አይመስለኝም፤ ነጻ የሆነው ሱቅ ለከረጢት ማስከፈል ይከብደዋልና ወጪው ከእሱ ጋር ይቀራል። ጊዜ ማግኘት ግን ይጠቅማል። የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ትልልቆቹን ከሐምሌ 2011፣ ትንንሾቹን ከጥር 2012 ነው ያስጀመረው። ትንንሾቹ ትልልቆቹን እያዩ ተማሩ፣ ደንበኛውም ቀድሞ ለመደው።

ስለ ክምችትዎ፦ መጀመሪያ ትእዛዝ ያቁሙ። ደንቡ በምክር ቤት ከጸደቀበት ቀን እስከሚጸናበት ቀን ድረስ የሚሰጠውን ጊዜ ይጠይቁ። ስድስት ወር ካገኙ አብዛኛው በሥራ ያልቃል። የተረፈውን አከፋፋዩ ክልከላ ለሌለበት አካባቢ ቢወስድልዎት ይደራደሩ። በሌላ በኩል የሱቅዎ ስም የታተመበት የወረቀት ከረጢት ለዓመት የሚበቃ አይዘዙ። ደንብ ይቀለበሳል። ዳላስ በጥር 2015 ያስጀመረችውን የ5 ሳንቲም ክፍያ አምራቾች ሲከሷት በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሰረዘችው። የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2018 የላሬዶ ከተማን ክልከላ ከግዛቱ ሕግ ጋር ይጋጫል ብሎ ሻረው። የእርስዎ ከተማ እንዲህ ያለ ደንብ የማውጣት ሥልጣን ከበላይ ሕግ ጋር ይጋጭ እንደሆነ ለምክር ቤቱ የሕግ ክፍል ጥያቄ ያቅርቡ። መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ።

ረቂቁ ለውይይት ሲቀርብ በእጅዎ የሚይዙት ወረቀት ከግማሽ ገጽ አይብለጥ። ክፍያው በሁሉም ሱቆች ላይ ግዴታ ይሁን፣ ቢያንስ የከረጢቱ ዋጋ ለሱቁ ይቅር፣ በደረሰኝ ላይ ለብቻው ይታተም፣ ጥሬ ሥጋና ዓሣ የሚጠቀለልበት ቀጭን ፌስታል አይነካ፣ ስድስት ወር ይሰጥ። ከጎረቤት ከተማዋ ጋር ንግግር እንዲጀመርም ይጠይቁ። ብቻዎን ከሚሄዱ በመንገድዎ ላይ ያሉትን ሌሎች ባለ ሱቆች አስፈርመው ይሂዱ፤ ምክር ቤት ከአንድ ሰው አቤቱታ ይልቅ ሃያ ፊርማ ያለበትን ቀድሞ ያነባል።